ያለ አስረካቢ

ኅዳር 9

ለተከበሩ እማሆይ፣

ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልስዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። እጄ ክር እንደያዘ ከፈትኩት፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድ አንሶላ እንኳ ቀጥ አድርጌ አልሰፋሁም። ጽሑፌን ለማንበብ ከተቸገሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሳሙናና ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ያነበብኩት ከመሃሉ ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም ሁልጊዜ የተቀደደ ነበር።

ሥራዬን ጠይቀውኛል። የምሠራው በሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ ነው። ከእጥበት የተመለሰውን እንለያለን፣ የተቀደደውን እንጠግናለን። የሕመምተኛ አንሶላ የሚያልቀው ከመሃሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ መሃል ለመሃል እንቀደውና ሁለቱን ዳር አምጥተን እርስ በርስ እንሰፋዋለን። ያለቀው ወደ ጠርዝ ይወጣል። ስፌቱ ጀርባ እንዳይቆረቁር ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ይህን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው፤ በደህናው ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበሩ።

ወደ ቤታችሁ መንኩሼ መግባት ለምን እንደፈለግሁ፣ ለምንስ በዚህ ዕድሜዬ እንደሆነ ጠይቀዋል። አምና የተጠገነ አንሶላ ይዤ ወደ ሴቶች ክፍል ወጣሁ። ነርሶቹ ወደ ሌላ ክፍል ተጠርተው ነበር። ጥግ ላይ ባለው አልጋ አንዲት ጠያቂ የሌላት ሴት ተኝታለች። ሳልፍ ቀሚሴን ያዘችኝ። ውሃ እንደሆን ጠየቅኋት፤ አልፈለገችም። ሐኪም ልጥራልሽ አልኳት፤ እሱንም አልፈለገችም። ተቀመጥኩ። እስክታርፍ ድረስ ቀሚሴን አልለቀቀችም። አለቃዬ የት ጠፋሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ልብሱ ተቆልሎ ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆን ያለብኝ ቦታ ላይ እንደነበርኩ አውቅ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ማስረዳት አልችልም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃንም አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ልጸልይ ስንበረከክ የሚመጣብኝ ያ ብቻ ነው። ቤታችሁ ጠያቂ የሌላቸውን ሟቾች እንደሚያስጠጋ የሰማሁ ጊዜ፣ ስሜን የጠራኝ ሰው ያለ መሰለኝ።

አብሬ የምኖረው ከአማቴ ጋር ነው። ባለቤቴ የሳቸው አንድ ልጅ ነበር፤ ሾፌር ነበር፣ መኪናው ገደል ገብቶ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለድንም። አማቴ ደህና ናቸው።

ደብዳቤውን ወደ ሥራ ቦታዬ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ወደፊትም በዚያው ቢልኩልኝ።

አክባሪዎ


ኅዳር 27

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጽሑፍሽ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ያልጻፍሽው ነው። ለማታውቂያት ሟች ገጽ ሙሉ ሰጠሻት፤ አብረሻቸው ለምትኖሪው ሰው ሁለት ቃል። እዚህ ቤት ውስጥ “ደህና ነኝ” ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይበልጡን የሰማሁት ከአልጋ ከማይነሱ ሰዎች ነው።

አንድ ሥርዓት አለን፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ወደዚህ ቤት የምትገባ ሴት በሩን ብቻዋን አታንኳኳም። ተለይታው የምትመጣው ሰው አብሯት ይመጣል፣ እጇን ይዞ ያስረክበናል። ድሮ ከባል፣ ከእናት፣ ከታማሚ ወንድም እየተደበቁ የሚመጡ ነበሩ። ከሰው ቤት ተሰርቆ የመጣን ስጦታ ለእግዚአብሔር ማቅረብ ይከብደናል።

አማትሽ ይህን ያውቃሉ? በእግራቸውስ ይሄዳሉ?

እማሆይ


ታኅሣሥ 14

ለተከበሩ እማሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አማቴ አይሄዱም። ካቻምና ደጃፍ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ አልቆሙም። ጠዋት ከሥራ በፊት አነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አልብሼ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። ቀን ቀን ከታች ያለችው ባለ ሱቅ ብቅ እያለች ታያቸዋለች። ማታ እኔ እመለሳለሁ። ኑሯችን ይኸው ነው።

ሰውነታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው ምላጭ ነው። ከተዳርኩ ስንት ዘመን አልፎ፣ ባሌም አፈር ከገባ በኋላ፣ ዛሬም የሚጠሩኝ “ሙሽሪት” ብለው ነው። ሾርባዬ ከጣፈጠ “ሙሽሪት፣ ዛሬ ጨው ገብቶበታል፤ ማን ሞተ?” ይሉኛል። ባለ ሱቋ ዛሬ አምሮብዎታል ስትላቸው፣ ሬሳም ሲታጠብ ያምርበታል ይሏታል። እሷ ትስቃለች። እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

አያውቁም። አልነገርኳቸውም። ስንት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ስለ ሳሙና አወራሁ። እርስዎ ቢጽፉላቸው ይሻል ይሆን እያልኩም አስባለሁ፤ የሃይማኖት ሰው ቃል ያከብራሉ። ማንበብ ስለማይችሉ እኔው አነብላቸዋለሁ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። አንዳንድ ጠዋት ገላቸውን ሳጥብ፣ ለዚያች ለማላውቃት ሴት ያዘንኩትን ግማሽ እንኳ አላዝንላቸውም። እጄ ያጥባል፣ ልቤ አውቶቡስ ይጠብቃል። ታዲያ ይሄ ጥሪ ነው ወይስ እግሬ አውጪኝ? እግዚአብሔር ነው የሚጠራኝ ወይስ ከዚያች ክፍል መውጣት ፈልጌ በእሱ ስም የራሴን ድምፅ እየሰማሁ ነው? እርስዎ ብዙ ሰው አይተዋል። እባክዎን ይንገሩኝ።

አክባሪዎ


ጥር 6

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የጠየቅሽኝን አላውቀውም። እኔ ራሴ እዚህ ስመጣ እየተጠራሁ ይሁን እየሸሸሁ አላውቅም ነበር። ዛሬም አንዳንድ ቀን አላውቅም። ሲሸሽ ትክክለኛው በር ላይ የደረሰ ሰው አይቻለሁ፤ ተጠራሁ ብሎ መጥቶ በወሩ የሄደም አይቻለሁ። ጥሪን ከሩቅ የሚለይ መሣሪያ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ያህል ቀለም አላባክንም ነበር።

ለሳቸው አልጽፍም። በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸው ግን አታልቅሺ። ያንቺ እንባ ለሳቸው ልመና ነው፤ አሮጊት በልመና መያዝ የለባትም። ተናገሪና መልሱን ለሳቸው ተዪው።

እማሆይ


የካቲት 2

ለተከበሩ እማሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ነገርኳቸው፣ ፈቀዱም ብዬ ለላክሁልዎ አጭር ደብዳቤ መልሰው “ፈቃዳቸው በቁጣ ነው ወይስ ከልብ?” ብለው ጠይቀውኛል። እንደ ሆነው ልጻፍልዎና እርስዎ ይፍረዱ።

እሑድ ከሰዓት ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ነገርኳቸው። ፊታቸውን እንዳላይ ከኋላ መሆኔ ረዳኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ እናንተ ቤት፣ ስለ ሥርዓቱም። አላለቀስኩም። አበጥሬ ስጨርስ ሻሼን አምጪ አሉኝ። ያን ሳምንት ስለ ቀለብና ስለ አየር ብቻ ነው የተነጋገርነው። ባለ ሱቋ፣ እማማ ዛሬ አልሰደቡኝም፣ አሟቸዋል ወይ ብላ መጣች።

ቅዳሜ ለታ ሣጥኑን ክፈቺ አሉኝ። ከሥሩ ያቺን ለክብር የሚለብሷትን ቀሚስ አስወጡኝ። ለካሁላቸው፤ ትሰፋቸዋለች። መርፌ ስጪኝ አሉና ራሳቸው እየሰፉ ያሳንሷት ጀመር። ልቀበልዎ ስል እጄን መቱኝ። ከዚያ ባለ ሱቋን አስጠርተው፣ ወንድሟ ዕቃ የሚያመላልስባት ፒክአፕ ስንት ሰው እንደምትይዝ ጠየቋት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይተዉ፣ መንገዱ ይጎዳዎታል፣ እኔም እቀራለሁ፣ ነገሩ ይቅር አልኳቸው። መርፌውን አስቀመጡ። ቃላቸውን እንዳለ ነው የምጽፍልዎ፦

“እግዚአብሔር በዕድሜዬ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ወሰደብኝ እንጂ አልጠየቀኝም። ባሌን ወሰደ፣ ልጄን ወሰደ፣ እግሬን ወሰደ፤ ማንንም አላማከረም። ዛሬ ገና ‘ትሰጪኛለሽ ወይ?’ ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ማን ሆነሽ ነው መሃል የምትገቢው?”

ቁጣ ነው? እኔ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቅ ነገር አለ፤ ሥራ እንዳገኘ ሰው ሆነዋል።

እኔ እናንተ ጋ ከቀረሁ በኋላ የሚያነሳቸው ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ባለ ሱቋ ከጓዳዋ ጎን ያለውን ክፍል ልትሰጣቸው ተስማምታለች። አንድ ላይ መክረውብኛል። ሆስፒታል ያለች ነርስ ግን እንዲህ ላሉ ሰው ረጅም መንገድ አይመከርም አለችኝ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ እማሆይ፤ ሥርዓቱን ያንሱልኝ። ቤታቸው ተቀምጠው ይመርቁኝና ብቻዬን ልምጣ።

አክባሪዎ


የካቲት 20

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሥርዓቱን ማንሳት ሥልጣኔ ነው፤ ለሌሎችም አንስቼ አውቃለሁ። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ግን እጄ አልታዘዘኝም። ላንቺ ባነሳው ከሳቸው እነጥቃለሁ። እኚያ ሴት የያዙትን እኔ እፈራዋለሁ። በዚህ ቤት ያለነው ሁላችን ራሳችንን ሰጠን እንላለን፤ ከሰጠነው ብዙው ለራሳችን የተረፈ ነው። እሳቸው የሚሰጡት ግን ያላቸውን የመጨረሻ ነገር ነው።

መንገዱ ለሰውነታቸው እንደማይበጅ ይገባኛል። ያንን እሳቸውም ያውቁታል። ምርጫው የሳቸው ነው።

የምትመጡበትን ቀን ጻፊልኝ፤ አልጋ እናዘጋጃለን፤ አድረው ይመለሳሉ። በሩ ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔው ነኝ።

እማሆይ


መጋቢት 18

ልጄ፣

በተባባልነው ቀን እስኪመሽ ጠበቅን። በማግስቱም። ደህና ናችሁ? ሁለት ቃል ብቻ እንዳትጽፊልኝ።

እማሆይ


ሚያዝያ 3

ለተከበሩ እማሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዝም በማለቴ ይቅርታ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

መጥተን ነበር። በማለዳ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተነሱ። ባለ ሱቋ ፍራሽ ወንበሩ ላይ አነጠፈችላቸው፤ እኔ ከጎናቸው ደግፌያቸው ተቀመጥኩ። ሲወጡ ለጎረቤት ሁሉ “ሙሽራ ልሸኝ ነው፤ ሚዜ አጥታ እኔ አሮጊቷ ተመረጥኩ” እያሉ ነበር። አስፋልቱ እስኪያልቅ ደህና ነበሩ። ስለ ባሌ ልጅነት አወሩልኝ፤ ሰምቼው የማላውቀውን። ጠጠሩ ሲጀምር ዝም አሉ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አስመለሳቸው፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ እጃቸው በረደ። ሾፌሩ፣ የባለ ሱቋ ወንድም፣ አቆመ። ወርደን አየናቸው። ከዚያ ሆኖ ጣሪያችሁ ይታያል እማሆይ። ሾፌሩ በጣቱ አሳየኝ፤ ያ ኮረብታ ብቻ ነው የቀረን አለኝ።

እሳቸው “ንዳ” አሉት። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ቃሉ ግን ግልጽ ነበር።

እኔ መልሰው አልኩት።

ሾፌሩ ሁለታችንን አየ። ነገ የምታዘው የቆመችው ናት ብሎ ይሆናል፣ መኪናውን አዞረ። ከድልድዩ እንደራቅን አማቴ ወደኔ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ “ሙሽሪት፣ ምን አደረግሽ?” አሉኝ።

ሐኪም ቤት አድርሼ፣ መርፌ ተወግተው፣ ከቀናት በኋላ ቤት ገባን። ሕይወታቸውን አተረፍሽ አሉኝ፤ ሁሉም አሉኝ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሙሽሪት ብለው አልጠሩኝም። ሲያጎርሷቸው ይጎርሳሉ፣ ሲያነሷቸው ይነሳሉ። ያመሰግኑኝም ጀመር። ውሃ ስሰጣቸው እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳለብሳቸው እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ዘመን ስንኖር አንድ ቀን አመስግነውኝ የማያውቁ ሰው! እንግዳ ቤት ውስጥ እንዳሉ ነበር የሚኖሩት። ሾርባውን ሆን ብዬ ያለ ጨው አቀረብኩላቸው፤ ጥሩ ነው አሉኝ። ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ቀሚሷን ወደ ሣጥን ልመልሳት ስል ተያት፣ እዚያው ትሰቀል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ገላቸውን ሳጥብ ልቤ አውቶቡስ አልጠበቀም። ያንን ቢያውቁልኝ ብዬ ነበር፤ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ?

መጋቢት መጨረሻ ላይ አረፉ። አጠገባቸው ነበርኩ። እጄ እጃቸው ላይ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀሚሴን አልያዙም።

እዚያ ድልድይ ላይ ሆኜ ያሰብኩትን ከጠየቁኝ፣ የባለቤቴ አደጋ ነው የታየኝ፤ ሁለተኛም መንገድ እንዳይነጥቀኝ ብዬ ነው። ለሳቸው ማዘኔ ነበር። እውነት ነበር። ነገር ግን የሚሞት ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ተጠርቻለሁ ብዬ የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። አጠገቤ ያሉት ሟች አንድ ነገር ቢጠይቁኝ እምቢ አልኩ። የተጠራሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አክባሪዎ


ግንቦት 11

ለተከበሩ እማሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስላጽናኑኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለመጨረሻው ደብዳቤዎ መልስ ያዘገየሁት መልሱን ስላጣሁት ነው።

ባለ ሱቋ ልታስረክብሽ ትችላለች፣ ሥርዓቱ ይህን ይፈቅዳል ብለዋል። ነገርኳት፤ ሱቋን ዘግታ ልትመጣ ነበር። አይ፣ አንቺ ልትሰጪኝ ያንቺ አይደለሁም አልኳት። “ኧረ ማን ፈለገሽ!” አለችኝና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ስወጣ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ጥሪው አሁንም ይሰማሻል ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይሰማኝም እማሆይ። ስንበረከክ ዝም ነው። ያቺ ሴት የያዘችው ቀሚሴ አሁን ልብስ ብቻ ነው። ማንም የሚጠብቀኝ የለም፣ የማነሳውም ሰው የለም፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ለዚህ ቀን ስንት ጊዜ ጸልዬ ሲደርስ ባዶ እጁን መጣ። ሌሎቹ እህቶች ይህን ዝምታ እንዴት እንደሚኖሩበት ብጠይቅዎ ደስ ይለኝ ነበር። የሚያውቁት ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ከግቢያችሁ ግንብ በታች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አውርደኝ አልኩት፤ ኮረብታውን በእግሬ ወጣሁት። ረጅም አይደለም። ረጅም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በአጥሩ በኩል እህቶች አንሶላ ሲያሰጡ ይታየኛል። አንዷ ስታስል ሌላዋ ትስቅባታለች።

ለምን እንደመጣሁ ልንገርዎ። ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎ ምክንያት አይደለም፤ ያ አሁን የለኝም። አማቴ አንድ ነገር ተጠይቀው እሺ አሉ። ለብሰው፣ እኔን ይዘው ተነሱ። እኔ ከመንገድ መለስኩባቸው። ራሴን ልስጥ ብዬ አይደለም የመጣሁት፤ የምሰጠው ነገር እንዳለኝም እንጃ። የሳቸውን ስጦታ ላድርስ ብዬ ነው። ከድልድዩ እስከዚህ ያለው ነው የቀራቸው፤ እሱን ሄጄላቸዋለሁ።

ይህ እንደ ጥሪ ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም። እንደ ማስረከብ ይቆጠር አይቆጠር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አይሆንም ካሉ የማታው አውቶቡስ እዚሁ ያልፋል፤ በሱ እመለሳለሁ። አይከፋኝም ብዬ አልዋሽዎትም።

ደብዳቤውን ለዘበኛው እሰጠዋለሁ። እኔ በሩን አላንኳኳም።

ውጭ ነኝ።